ቶማስ በርበሪና የእረኛው ልብስ

ክረምት ሲገባ በከተማችን ጐዳና ላይ ብዙ ዓይነት የዝናብ ልብስ ይታያል። አንዱ ጃንጥላውን ይዘረጋል፤ ሌላው ላስቲክ ይደርባል፤ ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ ቀበቶ ያለውን ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ኰሌታውን አቁሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዎቻችንም ሆኑ የጨርቅ ነጋዴዎቻችን ጋባርዲን የሚለውን ስም አሳምረው ያውቁታል። ነገር ግን ይህ ጨርቅ ከወዴት እንደ መጣና ማን እንዳሰበው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አሳቢው ቶማስ በርበሪ የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ነበር። ስሙ ለእኛ ጆሮ የወጥ ቤት ነገር ቢያስታውስም፣ የሕይወቱ ታሪክ ስለ ዝናብና ስለ ነፋስ፣ እንዲሁም ሰው በልብሱ ስለሚፈልገው ክብር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቶማስ በርበሪ በ1835 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሪ አውራጃ፣ ብሮክሃም ግሪን በምትባል መንደር ተወለደ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ ከተማረ በኋላ፣ እንደ ዘመኑ ልማድ ወደ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በዚያም ጨርቅ በእጅ ዳሶ መለየትን፣ መለካትንና መቍረጥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛ የሚያማርረውን በትዕግሥት ማዳመጥን ተማረ። በ1856 ዓ.ም. ዕድሜው 21 ዓመት ሲሆን፣ ሃምፕሺር በሚባለው አውራጃ በቤሲንግስቶክ ከተማ የራሱን ሱቅ ከፈተ።

ቤሲንግስቶክ በዚያን ጊዜ በእርሻ አገር መካከል ያለች የገበያ ከተማ ነበረች። ወደ በርበሪ ሱቅ የሚመጡትም ገበሬዎች፣ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በሜዳ የሚውሉ በመሆናቸው፣ ከነጋዴው የሚፈልጉት ለዓይን የሚያምር ሳይሆን ዝናብ የሚመልስ ልብስ ነበር። እንዲህ ያለው ልብስ ግን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

በዘመኑ ከዝናብ ለመዳን ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው የመርከበኞች ነው። መርከበኞች የሸራ ጨርቅ በተልባ ዘይት እየነከሩ ልብስ ያደርጉት ነበር። ውሃ ይመልሳል፤ ዳሩ ግን ብርድ ሲበረታ ይደርቃል፣ ሲቈይም ቢጫ እየሆነ ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛው ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለው የግላስጎው ሰው በ1823 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። እርሱ በሁለት ጨርቅ መካከል የሟሟ ጎማ እየቀባ አጣበቀና ውሃ ጨርሶ የማያሳልፍ ልብስ ሠራ። ይሁን እንጂ የጎማው ልብስ ከባድ ነበር፤ ይሸታል፤ ከዚህም ሁሉ የከፋው ውሃ እንዳይገባ የከለከለውን ያህል ላብም እንዳይወጣ መከልከሉ ነው። የለበሰው ሰው ከውጭ ከዝናብ ቢድን ከውስጥ በገዛ ላቡ ይርስ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ዝናቡን የሚመልስ፣ ትንፋሹን ግን የሚያሳልፍ ጨርቅ ይገኛል ወይ የሚል ነበር።

የዚህን ጥያቄ መልስ በርበሪ ያገኘው ከመንደሩ እረኞች ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። የዚያ አገር እረኛ ከልብሱ ላይ ከተልባ ቃጫ የተሸመነ፣ ደረቱና ትከሻው የተሸበሸበ ሰፊ ቀሚስ ይደርብ ነበር። ጨርቁ ጠብቆ የተሸመነ ነው። እረኛው ከበጎቹ ጋራ ሲውል የጠጕራቸው ቅባት በልብሱ ላይ እየተሻሸ ይሰርጻል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲወርድበት ውሃው እየተንከባለለ ይፈሳል እንጂ ቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሙቀቱና ላቡ ግን በፈትሉ መካከል መውጫ ያገኛል። ይህን ቀሚስ የከተማ ሰው ያየው ነበር፤ ነገር ግን የድኻ ልብስ ነው ብሎ ስለሚንቀው ማንም አልመረመረውም። የእኛም አገር እረኛ ገሳውን ለብሶ በዶፍ መካከል ከብቱን ሲጠብቅ እያየን፣ ገሳው እንዴት ውሃ እንደሚመልስ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

በርበሪ ሐሳቡን በጥጥ ላይ ሞከረው። የፈጠራው ምሥጢር በሁለት ነገር ላይ ነበር። የመጀመሪያው፣ ሌሎች ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ከላይ ሲቀቡት፣ እርሱ ግን ገና ፈትል ሳለ ውሃ በሚመልስ መድኃኒት ነከረው፤ ተሸምኖ ካለቀም በኋላ እንደ ገና ደገመው። ሁለተኛው የሽመናው አኳኋን ነው። ድርና ማጉ እጅግ ተጠጋግቶ፣ በጨርቁ ፊት ላይ ቀጭን የሰያፍ መስመር እንዲታይ ሆኖ ተሸመነ። ዝናብ በላዩ ሲያርፍ ጠብታው ክብ ሆኖ ይንከባለላል፤ ነፋስም በቀላሉ አይበሳውም፤ ሆኖም ጎማ ስላልተቀባ ቀላል ነው፣ ገላንም አያፍንም። ይህን ጨርቅ በ1879 ዓ.ም. አውጥቶ በ1888 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘበት። ስሙንም ጋባርዲን አለው። ቃሉ አዲስ አልነበረም፤ በድሮ ዘመን ተራ ሰዎችና መንገደኞች ይደርቡት የነበረው ሰፊ ካባ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ነጋዴው ለአዲሱ ጨርቅ ከነገሥታት ቤት ስም ሳይፈልግ፣ ከመንገደኛ ልብስ መበደሩ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ1891 ዓ.ም. በርበሪ በሎንዶን ከተማ በሄይማርኬት ጐዳና ሱቅ ከፈተ። ከዚህ በኋላ ጨርቁ በብርቱ የተፈተነው በዓለም ዳርቻ ነው። የኖርዌዩ ፍሪድዮፍ ናንሰን በ1893 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ ጋባርዲን ይዞ ሄደ። ሮአል አሙንድሰን በታኅሣሥ 1911 ዓ.ም. ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደቡብ ዋልታን ሲረግጥ፣ ከዕቃዎቹ መካከል ይኸው ጨርቅ ነበረበት። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮትም ከአንድ ወር በኋላ እዚያው ሲደርስ ጋባርዲን ለብሶ ነበር። ተጓዦቹ የነፋስ መከላከያ ልብሳቸውን ሁሉ በነጋዴው ስም በርበሪ እያሉ እስከ መጥራት ደረሱ። ነገር ግን ስኮትና አራቱ ጓደኞቹ ሲመለሱ በረሃብና በብርድ በበረዶ ላይ አለቁ። ልብሱ ነፋስ ይመልሳል፤ የጐደለ ስንቅ ግን አይሞላም። የልብስ ችሎታ እስከ ወዴት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

በርበሪ ጨርቅ ዐዋቂ ብቻ ሳይሆን ብልኅ ነጋዴም ነበር። የታወቁትን ተጓዦች ስም በማስታወቂያው ላይ ማውጣት ያውቅበታል። በ1901 ዓ.ም. በፈረስ ላይ ተቀምጦ ጦር የያዘ ባላባት የንግድ ምልክቱ አደረገ፤ በሰንደቁም ላይ ወደ ፊት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ጻፈበት። ይህን በሚመለከት አንድ ነገር ይገርማል። ጨርቁን ያስተማረው እረኛ ሳለ፣ በምልክቱ ላይ የወጣው ባላባት ነው። ድርጅቱ ለስሙም ቀናተኛ ነበር። ከላይ ጣል ለሚደረግ ካፖርት የሚነገረውን ስሊፕ ኦን የሚለውን ቃል ለራሱ ብቻ ለማስከበር በ1909 ዓ.ም. ከአንድ ተወዳዳሪ ነጋዴ ጋራ ተካሰሰ። ዳኛው ግን ሕዝብ የሚናገርበትን ተራ ቃል አንድ ነጋዴ የግል ንብረቱ ሊያደርገው አይችልም በማለት ፈረዱበት።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የጦርነት ዘመን ነው። ከ1899 እስከ 1902 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቦዌር ጦርነት ብዙ የእንግሊዝ መኰንኖች የበርበሪን ካፖርት ለበሱ። በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ካፖርቱ ለምሽግ ኑሮ እንዲመች ተደርጎ ተሻሻለ። በትከሻው ላይ የማዕርግ ምልክት የሚቀመጥበት ማሰሪያ፣ በቀበቶው ላይ ዕቃ የሚንጠለጠልበት የብረት ቀለበት ተጨመረለት። ስሙም ትሬንች ኮት ተባለ፤ ትርጓሜው የምሽግ ካፖርት ማለት ነው። አኳስኩተም የሚባለው ሌላው የሎንዶን ድርጅትም የካፖርቱ ፈጣሪ እኔ ነኝ እያለ ሲከራከር ኖሯል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ አይደለም። ይህን ካፖርት የሚለብሱት በገዛ ገንዘባቸው የሚገዙት መኰንኖች ነበሩ፤ በዚያው ጭቃ ውስጥ የሚዋጋው ተራ ወታደር እንዲለብሰው አይፈቀድለትም ነበር። በዝናብ ከሚውለው ድኻ የተወሰደው ጥበብ፣ ጌታን ከሎሌ የሚለይ ምልክት ሆነ።

ቶማስ በርበሪ ራሱ በኑሮው ጥብቅ ሰው ነበር። የባፕቲስት እምነት ተከታይ ሲሆን፣ መጠጥን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ንግዱን ከወንዶች ልጆቹ ጋራ ሲመራ ኖሮ፣ ድርጅቱ በ1920 ዓ.ም. ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ሆነ። እርሱም በ1926 ዓ.ም. ሱቁን ከከፈተባት ከቤሲንግስቶክ አጠገብ፣ ሁክ በምትባል መንደር በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

የሰውየው ታሪክ በዚህ ቢፈጸምም የካፖርቱ ታሪክ አልተፈጸመም። ከጦርነት የተመለሱት መኰንኖች በሰላሙም ጊዜ ስላልተዉት ካፖርቱ የከተማ ልብስ ሆነ። በ1942 ዓ.ም. በወጣው ካዛብላንካ በተባለው ፊልም ሐምፍሪ ቦጋርት ትሬንች ኮት ለብሶ ከታየ በኋላ፣ ልብሱ ያዘነና የቈረጠ ሰው መልክ ሆኖ በዓለም ተሠራጨ። በ1920ዎቹ ዓመታት ለገበርነት የገባው ቡናማ፣ ጥቍር፣ ነጭና ቀይ መስመር ያለው ጨርቅም ከጊዜ በኋላ ከውስጥ ወደ ውጭ ወጣ፤ ጃንጥላ፣ ሻርፕና ባርኔጣ ተሠራበት። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሰዎች የሚገዙት ዝናብ የሚመልሰውን ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ ሌላው ሰው የሚያውቀውን መስመር ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ አገር በኳስ ሜዳ የሚደባደቡ ጐረምሶች ሳይቀሩ ይህን መስመር ይለብሱ ስለ ነበር፣ አንዳንድ መጠጥ ቤቶች ያን የለበሰ ሰው በበራቸው እንዳይገባ ከለከሉ። መጠጥ ይጠላ የነበረው ነጋዴ፣ ስሙ የተጻፈበት ልብስ ከመጠጥ ቤት በር ሲባረር ቢያይ ምን ይሰማው ነበር? ኩባንያውም መስመሩን ከብዙ ዕቃዎቹ ላይ ቀነሰ። ካፖርቱ ግን በዮርክሺር አውራጃ በካስልፎርድ ከተማ መሰፋቱን አላቋረጠም።

ይህ ዕድል የጋባርዲን ብቻ አይደለም። በሰም የተነከረው የጥጥ ጃኬትም በዚሁ መንገድ አልፏል። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጆን ባርበር በ1894 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በሳውዝ ሺልድስ ወደብ ሱቅ ሲከፍት፣ ገዢዎቹ መርከበኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የወደብ ሠራተኞች ነበሩ። በ1930ዎቹ ዓመታት የተልባው ዘይት ቀርቶ ጨርቁ በሰም መነከር ሲጀምር ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ወደዱት፤ ቀጥሎም ባላባቶች ለአደን ለበሱት፤ ንግሥት ኤልሣቤጥና ባለቤታቸው የኤድንበራው መስፍን ለኩባንያው የቤተ መንግሥት አቅራቢነት ማዕርግ ሰጡት። ከዚያ በኋላ ደግሞ የከተማ ወጣቶች ለዘፈን በዓል ይለብሱት ጀመር። ጃኬቱ ያው ነው፤ ሰሙም ሲያልቅ እንደ ገና ይቀባል። የተለዋወጠው ሰው በላዩ የሚያነበው ትርጉም ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ልብስ ሁለት ዓይነት ክብር እንዳለው ነው። አንደኛው ከለባሹ የሚያገኘው ክብር ነው፤ ይህ ዛሬ መኰንን ሲለብሰው ይወጣል፣ ነገ ተደባዳቢ ሲለብሰው ይወርዳል። ሁለተኛው ከሥራው የሚያገኘው ክብር ነው፤ ይህ ማንም ቢለብሰው አይለወጥም፤ ዝናብ በመጣ ቍጥር ይታደሳል። ጋባርዲንና በሰም የተነከረው ጃኬት ለረጅም ዘመን የኖሩት በፊተኛው ክብር አይደለም፤ በኋለኛው ነው።

ተማሪውና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከቶማስ በርበሪ ሕይወት የሚወስደው ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህ ሰው የተማረው በመንደር ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ሌላው ንቆ ያለፈውን የእረኛ ቀሚስ ቆም ብሎ ተመለከተ፤ አየሁ ብሎም አልተወው፣ ጠየቀ፣ ሞከረ። እኛም ለሥራ ወደ ገጠር ስንወጣ፣ በዝናብ መካከል ቆሞ መንገድ የሚያሳየንን እረኛ የምናየው ብዙ ጊዜ ነው። ካፖርታችን ከእርሱ የለየን ይመስለናል። ካፖርቱ ግን መጀመሪያ የተገኘው እንደ እርሱ ካለ ሰው ትከሻ ላይ ነው።