ካታሪና ፎን ቦራ፤ የዊተንበርግ ቤት እናት

የማርቲን ሉተርን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። መጽሐፍ ቅዱስን በአገሩ ሰዎች ቋንቋ እንደ ተረጐመ፣ ለምእመናን መዝሙር እንደ ጻፈ፣ በንጉሠ ነገሥትና በመሳፍንት ፊት እንደ ቆመ ብዙ ጊዜ ተነግሮናል። ነገር ግን እርሱ ሌሊት ሲጽፍ ቤቱን ማን ይጠብቀው ነበር? በማዕዱ ዙሪያ ለሚቀመጡት ተማሪዎችና ስደተኞች ምግቡ ከየት ይመጣ ነበር? ይህን ብንጠይቅ ከብዙዎቻችን መልስ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ የባለቤቱን የካታሪናን ኑሮ ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።

ካታሪና በ1499 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሳክሶኒ ምድር ተወለደች። አባትዋ በትውልዱ ከመኳንንት ወገን ቢሆንም መሬቱ ያነሰ፣ ኑሮውም የጠበበ ነበር። እናትዋ በልጅነትዋ ስለ ሞተችባት ትንሽዪቱ ልጅ ለትምህርት ወደ ሴቶች ገዳም ተላከች፤ ጥቂት ዓመታት ቈይታም በግሪማ ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ኒምብሸን ገዳም ተዛወረች። አክስትዋም በዚያ መነኵሲት ነበረች። በ1515 ዓ.ም. ካታሪና ራስዋ የምንኵስናን ስእለት ፈጸመች። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ይህን ኑሮ ትወድ እንደ ሆነ አስቀድሞ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ይህን ስንል ወደ ገዳም በልባቸው ፈቃድ የሚሄዱትን ለማቃለል አይደለም። በዚያም ማንበብና መጻፍ፣ መዘመርና ጥቂት ላቲን ተማረች፤ ይህ በዘመንዋ ለነበሩት ሴቶች ልጆች በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነበር።

የሉተር መጻሕፍት በስውር ወደ ገዳሙ በገቡ ጊዜ ከመነኵሲቶቹ አንዳንዶቹ ስእለታቸውን መመርመር ጀመሩ። ወደ ዘመዶቻቸው ቢልኩም የሚቀበላቸው ስላላገኙ ነገሩ ወደ ሉተር ደረሰ። በቶርጋው ከተማ ሌኦንሃርድ ኮፐ የሚባል ነጋዴ ነበረ፤ ለገዳሙ ዓሣና ሌላም ዕቃ በሠረገላ ያመላልስ ነበር። በ1523 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት ይህ ሰው ዐሥራ ሁለት መነኵሲቶችን በሠረገላው ይዞ ወጣ። በዓሣ በርሜል ውስጥ ተሸሽገው ወጡ እየተባለ የሚነገረው ወግ ነው፤ የሠረገላው ነጂ ግን በሕይወቱ ቈርጦ እንደ ሄደ የታወቀ ነው፤ መነኵሲትን ከገዳም ማስኰብለል በሕግ በሞት ያስቀጣ ነበርና። በቶርጋው ዐርፈው ዘጠኙ ወደ ዊተንበርግ ደረሱ። ካታሪናም ከእነርሱ አንዲቱ ነበረች፤ ከለበሰችው ልብስ በቀር የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ሌሎቹ አንዳንዶቹ ባል አገኙ፤ አንዳንዶቹም ወደ ዘመዶቻቸው ቤት ገቡ። የካታሪና ነገር ግን ዘገየ። ከኑረንበርግ የመጣ የትልቅ ቤት ልጅ ወድዶአት ነበር፤ ወላጆቹ ግን ከገዳም የወጣችውንና ጥሎሽ የሌላትን ልጅ አልፈቀዱለትም። ቀጥሎ አንድ በዕድሜ የገፋ ቄስ ቢታጭላት አልቀበልም አለች። የሉተር ወዳጅ ለነበረው ለአምስዶርፍ፣ ወይ እርሱ ራሱ ወይም ሉተር ቢጠይቃት እንደማትከለክል በግልጥ ነገረችው። መጠጊያ የሌላት ስደተኛ ይህን ያህል መድፈርዋ ያስደንቀናል። እንዲሁም ሆነ፤ በሰኔ 13 ቀን 1525 ዓ.ም. ከሉተር ጋር ተጋቡ። እርሱ የ41፣ እርስዋም የ26 ዓመት ሰው ነበሩ። የገበሬዎች ጦርነት ገና ደሙ ያልደረቀበት ጊዜ ስለ ነበረ ጠላቶቻቸው ተሳለቁ፤ ከወዳጆችም መላንክቶን ሳይቀር ዐዘነ።

የሳክሶኒ መስፍን እንዲኖሩበት የሰጣቸው ቤት መነኰሳቱ ትተውት የሄዱት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ነው። ሉተር በዚያ ብቻውን ሲኖር መኝታውን ዓመት ሙሉ የሚያነጥፍለት ሰው ስላልነበረ ገለባው በላብ በስብሶ እንደ ነበር ራሱ ተናግሮአል። ካታሪና ከዚህ ጀመረች። ገለባውን አወጣች፤ ግድግዳውን አስለሰነች፤ ባዶዎቹን የመነኰሳት ክፍሎች ለተማሪዎች ማደሪያ አድርጋ በክፍያ አከራየች። መስፍኑ ለሉተር በዓመት 200 ጉልደን ደመወዝ ወሰነለት፤ እርሱ ግን ከመጻሕፍቱ ምንም ዋጋ አይቀበልም ነበር፤ የለመነውንም ሁሉ ባዶ እጁን አይመልስም ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ቢያጣ የተሰጠውን የብር ጽዋ አንሥቶ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን ቀላል ነው፤ ቤቱን ማስተዳደር ግን ሌላ ነገር ነው። ሚስቲቱ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ትነሣ ነበር። አትክልትና የፍሬ ዛፍ ታስተክላለች፤ ላሞችን፣ ፍየሎችንና አሳማዎችን ታረባለች፤ የዓሣ ኵሬ ታስጠብቃለች። ቢራም ትጠምቅ ነበር። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ በዚህ ይገረሙ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ቢራ በዚያ አገር የዕለት መጠጥ ነበር፤ ገዳሙም ከጥንት ጀምሮ የመጥመቅ መብት ነበረው። የራሳቸውን ስድስት ልጆች ወለዱ፤ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ልጆችም ወስደው አሳደጉ፤ ልጆቹ፣ ተማሪዎቹ፣ አገልጋዮቹና እንግዶቹ ሲቈጠሩ በማዕዱ የሚቀመጡት ሠላሳና አርባ የሚሆኑበት ጊዜ ነበር። ሉተር በጨዋታ እርስዋን እንደ ወንድ ጌታ አድርጎ ይጠራት ነበር። ጨዋታው ግን እውነት ነበረበት፤ በዚያ ቤት ስለ መሬት፣ ስለ ዘርና ስለ ዕዳ የሚቈርጠው ቃል የእርስዋ ነበር።

ስለ እንግዶች ካነሣን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1534 ዓ.ም. ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ መጥቶ ከሉተርና ከመላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ፤ ሲሄድም የምስክርነት ደብዳቤ ተሰጠው። ካታሪና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የመጨረሻ ልጅዋን ማርጋሬቴን ወለደች።

በ1527 ዓ.ም. ቸነፈር በከተማይቱ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ሌላ ከተማ ሸሸ፤ ሉተርና ካታሪና ግን አልሄዱም። እርስዋ ሁለተኛ ልጅዋን ፀንሳ ነበር፤ የበኵር ልጅዋ ሃንስም ታምሞባት ነበር፤ ቤታቸው ግን የበሽተኞች ማረፊያ ሆነ። በዚያው ክረምት ኤልሳቤጥን ወለደች፤ ሕፃኒቱም አንድ ዓመት ሳይሞላት በነሐሴ 1528 ዓ.ም. ዐረፈች።

ከዚህም የባሰ ኀዘን በ1542 ዓ.ም. መጣ። መግደሌና የምትባለው ልጃቸው 13 ዓመት ሆኖአት በጽኑ ታመመች። በቶርጋው በትምህርት ላይ የነበረውን ወንድምዋን ሃንስን አብዝታ ስለ ናፈቀች አባትዋ ለመምህሩ ጽፎ በሠረገላ አስመጣላት። ከመሞትዋ በፊት በነበረው ሌሊት እናትዋ ሕልም አየች፤ ያማሩና ያጌጡ ሁለት ጐልማሶች ልጅዋን ወደ ሰርግ ሊወስዱአት መጡ። ማለዳ መላንክቶን ሕልሙን ሰምቶ ደነገጠ፤ ጐልማሶቹ መላእክት እንደ ሆኑ ለሌሎች ተናገረ። በመስከረም 20 ቀን መግደሌና በአባትዋ እቅፍ ሞተች። ካታሪናም በዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ነገር ግን ከኀዘንዋ ብዛት የተነሣ ወደ አልጋው መቅረብ አልቻለችም፤ ራቅ ብላ ቆማለች። ሉተር በዚያ ሰዓት የተናገረውን ሁሉ በዙሪያው የነበሩት ጽፈውታል። የእናቲቱን ቃል የጻፈ ግን አልተገኘም። እኛም ልጆቻችንን የቀበርን ከዚህ ስፍራ ስንደርስ መጽሐፉን ለጊዜው እናጥፋለን።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ሉተር ኑዛዜውን በገዛ እጁ ጽፎ ነበር። በሳክሶኒ ሕግ ባልዋ የሞተባት ሴት ከንብረቱ የምታገኘው ጥቂት ነበር፤ ለእርስዋም ለልጆችዋም ወንድ ሞግዚት ይሾም ነበር። ሉተር ግን ይህን አልተከተለም። ቤቱን፣ ከወንድምዋ የገዙትን የትሱልስዶርፍን እርሻና የከበሩትን ዕቃዎች ለካታሪና ሰጠ። የታመነች ሚስት ሆና እንደ ኖረች መሰከረላት፤ ለልጆቹም ከእርስዋ የተሻለ ጠባቂ እንደማይገኝ፣ እርስዋ የልጆችዋን እጅ ከምታይ ልጆቹ የእርስዋን እጅ ቢያዩ እንደሚሻል ገለጠ። ከቄስና ከሊቅ ብዙ የምስጋና ቃል ለሚስቶች ሲነገር እንሰማለን፤ ቤቱንና መሬቱን በስምዋ ጽፎ የሚያመሰግን ግን ብዙ አይገኝም።

ሉተር በየካቲት 18 ቀን 1546 ዓ.ም. ከቤቱ ርቆ በአይስሌበን ሞተ፤ ካታሪናም አጠገቡ አልነበረችም። ኑዛዜው ሲከፈት የሕግ ዐዋቂዎቹ በሥርዐቱ ያልተጻፈ ነው አሉ። የመስፍኑ አማካሪ ግሬጎር ብሩክ መበለቲቱ ትልቁን ቤት ትታ በጥቂት እንድትኖር፣ ወንዶች ልጆችዋም ከእርስዋ ተለይተው በሌላ ሰው እጅ እንዲያድጉ ፈለገ። ለሃያ ዓመት ያን ሁሉ ሕዝብ ያበላችውን ሴት ቤት ማስተዳደር አትችልም ብሎ ማሰብ ምንኛ ያሳዝናል! በእኛም አገር ለቅሶው ሳያበቃ ዘመድ ስለ መሬት ሲሰበሰብባቸው ያየናቸው መበለቶች ስላሉ ነገሩ ሩቅ ሆኖ አይታየንም። ካታሪና ግን ዝም አላለችም። ለመስፍኑ ለዮሐንስ ፍሬድሪክ አመለከተች፤ መስፍኑም ሞግዚቶች ቢሾምም ረዳት፤ ቤቱ በእጅዋ ቀረ፤ ልጆቹም ከእርስዋ ጋር ተቀመጡ።

ይህን ካገኘች በኋላ ጦርነት መጣ። የንጉሠ ነገሥቱ የካርል ሠራዊት ወደ ሳክሶኒ ሲገባ ልጆችዋን ይዛ ወደ ማግደቡርግ ሸሸች፤ ተመለሰች፤ በ1547 ዓ.ም. የፕሮቴስታንቶቹ ጦር በሙልበርግ ድል በሆነ ጊዜ ደግሞ እስከ ብራውንሽቫይግ ተሰደደች። ወደ ዊተንበርግ ስትገባ እርሻዋ ጠፍቶ፣ ከብትዋ ተዘርፎ ጠበቃት። ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ዓመት ትጠጋ ነበር። እንደ ቀድሞው ተማሪዎችን በቤትዋ ተቀበለች፤ ተበደረች፤ ለዴንማርክ ንጉሥ ለክርስቲያን ሣልሳዊ ስለ ችግርዋ ጻፈች። ከእርስዋ የቀሩልን ጥቂት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተጻፉ የእናት ደብዳቤዎች።

በ1552 ዓ.ም. ቸነፈር እንደ ገና በዊተንበርግ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም ወደ ቶርጋው ተዛወረ። ካታሪና ከልጆችዋ ከጳውሎስና ከማርጋሬቴ ጋር ተከትላ ሄደች። በመንገድ ፈረሶቹ ደንብረው ሠረገላውን ይዘው ሮጡ፤ እርስዋም ልታስቆማቸው ዘልላ ስትወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ጕድጓድ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ልጅዋ ማርጋሬቴ ታስታምማት ነበር። ማርጋሬቴ 18 ዓመት በሞላት በሦስተኛው ቀን፣ በታኅሣሥ 20፣ ካታሪና በ53 ዓመትዋ ዐረፈች። ጳውሎስ በኋላ የመሳፍንት ሐኪም ሆነ፤ ሃንስ ሕግ ተማረ፤ የዊተንበርጉን ትልቅ ቤት ልጆቹ በ1564 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ሸጡት። ካታሪና ለባልዋ ያሠራችው፣ በግራና በቀኝ የድንጋይ መቀመጫ ያለው በር ግን ዛሬም በዚያ ቤት ይታያል።

እርስዋ የተቀበረችው በባልዋ አጠገብ አይደለም። መቃብርዋ በቶርጋው በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከገዳም በወጣች ጊዜ መጀመሪያ ባረፈችባት ከተማ። በድንጋዩ ላይ በቁመትዋ ተቀርጻ መጽሐፍ ይዛ ቆማለች።