የሸማኔው ልጅ አንድሩ ካርኔጊና የየከተማው ቤተ መጻሕፍት

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ የሚያነቡበትን የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ማን ይሠራዋል? ከተሠራ በኋላስ ወጪውን ማን ይችላል? ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በራሱ መንገድ የመለሰውን የአንድሩ ካርኔጊን ታሪክ ዛሬ በአጭሩ እናቀርብላችኋለን።

ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1835 ደንፈርምሊን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሸማኔ ነበር። ሽመናን ከአባቶቻችን የምናውቅ እኛ ቤተ እስራኤላውያን፣ የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ የሸማኔው ቤት እንዴት እንደሚጎዳ አይጠፋንም። የካርኔጊ ቤተሰብም ኑሮ ቢከፋበት ለመንገዱ ገንዘብ ተበድሮ በ1848 ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ልጁ በ13 ዓመቱ በጥጥ ፋብሪካ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተቀጠረ፤ ቀጥሎም የቴሌግራም አድራሽ ሆነ። ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የተባሉ ሰው 400 ያህል መጻሕፍታቸውን ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። በኋላ ግን ኃላፊው፣ በነፃ የሚዋሱት የእጅ ሙያ ተማሪዎች ብቻ ናቸው፣ ሌላው 2 ዶላር ይክፈል አለ። ካርኔጊ በጋዜጣ ጽፎ ተከራከረ፤ ተሳካለትም። ይህን ውለታ ዕድሜ ልኩን አልረሳም።

በብረት ሥራ እጅግ በለጸገ፤ በ1901 ኩባንያውን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከ1883 ጀምሮ በእርሱ ገንዘብ በልዩ ልዩ አገሮች ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ተሠሩ። ዕርዳታው ግን ውል ነበረው። ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ በየዓመቱም የዕርዳታውን 10 በመቶ ከሕዝብ ግብር ይመድባል። 10,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ሕንጻ ብቻውን አያስተምርምና፤ መጽሐፍ መግዛት፣ ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ያስፈልጋል። ቃላቸውን ያልጠበቁ ከተሞችም ነበሩ፤ ለአዳዲስ ሕንጻዎች የሚሰጠው ዕርዳታ በ1917 ቆመ።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽታም አለው። በ1892 በሆምስቴድ ፋብሪካው በደመወዝ ምክንያት በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ የሠራተኞቹም ማኅበር ተሸነፈ። በዚያው አካባቢ በ1898 ቤተ መጻሕፍት ቢከፍትም፣ በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው መቼ ያነባል ብለው የጠየቁ ብዙ ነበሩ። ገንዘቡን አንቀበልም ያሉ ከተሞችም አልጠፉም። እኛም ደግነቱን ስናነሣ ይህን መደበቅ አይገባንም።

ካርኔጊ በ1919 አረፈ። በአገራችን በእስራኤል ደግሞ በ1975 የወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ፣ መንግሥት የአካባቢ ቤተ መጻሕፍትን እንዲደግፍ መሠረት ጥሏል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የምንከፍለው አርኖና በዚያ በር ውስጥም አለ። ልጆቻችንን ይዘን እንግባ፤ መጽሐፍ ሲጎድል ወይም በሩ ሲዘጋም ማዘጋጃ ቤቱን እንጠይቅ።