አባ ዳኘው በመጨረሻዎቹ ዓመታት

በአዊ አገር ጥር 23 ቀን ሲደርስ ፈረሰኛው ፈረሱን ሸልሞ ወደ እንጅባራ ይወጣል፤ ለዓድዋ የዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ ነው። እኛ የአዘና ልጆች ዳግማዊ ምኒልክን ያወቅናቸው በዚሁ በፈረሱ በኩል ነው፤ አባ ዳኘው መባላቸውን ፊደል ሳንቈጥር ሰምተነዋል። ከዓድዋ በኋላ ስለ መጣው ድካማቸው ግን የነገረን አልነበረም። በአዘና አንድ ሽማግሌ የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው ጃጁ ይባላል፤ ጎረቤት ደግፎ ያኖራቸዋል። ንጉሠ ነገሥት ሲደክም ግን ደጋፊው ማን ነው?

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ሲሞቱ ሕፃኑን ዐፄ ቴዎድሮስ ወሰዷቸው፤ በ1857 ከመቅደላ አመለጡ። በ1882 ነገሡ፤ በ1888 ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን አንባቢ ስለሚያውቀው አናራዝመውም። ስልክ፥ ባቡርና ባንክ በዘመናቸው ገቡ፤ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው ሳይመረምሩት አያልፉም ነበር። የመንግሥቱ ሥራ ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነበር ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ያ ራስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1906 ታመመ። የአንጎል ደም ሥር ሕመም፥ ዛሬ ስትሮክ የምንለው፥ መጀመሪያ ቀለል ብሎ መጣ፤ ኋላ ተደጋገመ። የሚያስገርመው፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጀርመናዊው ሐኪም አልዝሃይመር በቱቢንገን ከተማ የአንዲት በመርሳት የሞተች ሴት አንጎል ምን እንደ ደረሰበት ለባልንጀሮቹ ገለጸ። የምኒልክ ሕመም የዚያ ዓይነት አልነበረም፤ ከደም ሥር የመጣ ነው። ሁለቱም ግን መጃጀት ከሚባለው ከአንድ ከረጢት ገብተው ኖረዋል።

ሕመሙ ከዘር ነውን? አባታቸው በሠላሳ ዓመት ገደማ፥ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ሃምሳውን ጥቂት አልፈው ስለ ሞቱ የእርጅናን አእምሮ ያሳየ አባት በቤቱ አልነበረም። የዛሬ ሊቃውንት አፖኢ የሚባል ዘረመል አግኝተዋል፤ አራተኛው ዓይነቱ ያለበት ሰው ለአልዝሃይመር ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ሆኖም ተሸካሚው ሁሉ አይታመምም። ሌላም ነገር አለ። የድጓ ፊደል አንድ ሆኖ ሳለ ከላዩ የተጻፈው የዜማ ምልክት አዜማዜሙን እንደሚወስን፥ በዘረመል ላይም ጥቃቅን ምልክቶች ይለጠፋሉ፤ ፊደሉን ሳይለውጡ የትኛው ይነበብ፥ የትኛው ዝም ይበል የሚሉ ናቸው። ኤፒጄኔቲክ ይሉታል። ዕድሜ፥ ትንባሆና ምግብ ምልክቶቹን ይለውጣሉ። ስለዚህ ዘር ብቻውን ፈራጅ አይደለም፤ የደም ግፊትን በጊዜው መቈጣጠርም ለአንጎል ይበጃል፤ በምኒልክ ዘመን ግን መድኃኒቱ አልነበረም።

ንጉሡ ድካማቸውን ያወቁት ይመስለናል። በ1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በግንቦት 1901 የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። ወዲያው በ1902 መጀመሪያ ከባዱ ስትሮክ መጣ፤ አካላቸው ደረቀ፥ አንደበታቸው ተያዘ። እቴጌ ጣይቱ ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው አደረጉ፤ መኳንንቱ በመጋቢት ወር ከሥልጣን ገለል አደረጓቸውና ወደ ሕሙሙ አልጋ መለሷቸው። በእኛ አስተያየት እቴጌይቱ የተወቀሱትን ያህል አላጠፉም፤ ባዶ የሆነ ወንበር ነው የያዙት። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም በ1903 ሞቱ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። (ይህ የእኛ 1906 ነው፤ ከላይኛው ጋር እንዳይምታታ።) ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተሸሽጎ ቆየ። ወደ በዓታ የገባው ልጃቸው ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ነው።