ሲኒማን ከአዳራሽ አውጥቶ ሳሎን ያስገባው ሰው

ሲኒማ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ሸራ፣ ብዙ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ከጥንቱ ድምፅ አልባ ሲኒማ ጥቂት የማይባለው እስከ ዛሬ የደረሰው ስፋቷ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ በማትሞላ ፊልም ላይ ነው ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። በአውሮፓ አሮጌ ፊልምና አሮጌ ፕሮጀክተር የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። የእነሱን መደርደሪያ ያየ ሰው ደግሞ አንድ ስም ደጋግሞ ያገኛል፤ ፓቴ። አጠገቡም አንድ አውራ ዶሮ አለ።

ለመሆኑ ይህ ፓቴ ማን ነው? ነጋዴ ነው። ፈልሳፊ አልነበረም፤ ሥዕል ወይም ድራማ የተማረም አልነበረም። ታሪኩን አስደናቂ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ፊልም የአሳዪው ንብረት እንዳይሆን ያደረገው እሱ ነው፤ በኋላ ደግሞ ፊልምን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውም ራሱ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻርል ፓቴ በዲሴምበር 26 ቀን 1863 ከፓሪስ ብዙ በማይርቅ ሼቭሪ ኮሲኒ በሚባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ሥጋ ሻጮች ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ፓሪስ ዳር ወደ ቫንሴን ሄዶ እዚያ ሱቅ ከፈተ። ሻርልም በልጅነቱ የሥጋ ሥራ ተማረ። ሥራውን ግን አልወደደውም። በሃያዎቹ ዕድሜው ሀብት ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ አርጀንቲና ገባ፤ አልተሳካለትም፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ትዳር እንጂ ሀብት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ዕድሉ የተገለጠው በ1894 ነው። በቫንሴን ገበያ ላይ የኤዲሰንን ፎኖግራፍ አየ። ሰዎች ተሰልፈው፣ የጎማ ቱቦ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ገንዘብ እየከፈሉ ድምፅ ይሰማሉ። ሌላው ሰው በማሽኑ ሲደነቅ ፓቴ የተደነቀው በሰልፉ ነው። ገንዘብ ተበድሮ አንድ ፎኖግራፍ ገዛ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከሚስቱ ጋር ሆኖ ሞንቴቲ በሚባል ቦታ በተደረገ ገበያ ላይ አቆመው። በአንድ ቀን ያገኘው ገንዘብ ከጠበቀው በላይ ሆነ። ወዲያው አንድ ነገር ገባው። በየገበያው እየዞሩ ከማሰማት ይልቅ ማሽኑን ለሚያዞሩት ሰዎች መሸጥ ይበልጣል። እንዲህ ብሎ ነጋዴ ሆነ።

ከፎኖግራፍ ወደ ፊልም የተደረገው ጉዞ አጭር ነበር። በ1895 ሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሸራ ላይ ለሕዝብ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት በ1896 ፓቴ ከወንድሞቹ ጋር ፓቴ ፍሬር የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሁለቱ ወንድሞቹ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ኤሚል ግን ቀረ፤ የድምፁን ሥራ እሱ ያዘ፣ የፊልሙን ሻርል። ባለሀብቶች ገንዘብ ጨመሩበትና ፋብሪካዎች በቫንሴንና በዧንቪል ተተከሉ። ለንደን፣ ኒውዮርክና ሞስኮ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ፓቴ በዓለም ላይ ካሉት የፊልም ድርጅቶች ሁሉ ግንባር ቀደም ነበር። አውራ ዶሮውም በየአገሩ ታወቀ።

በዚያ ዘመን ፊልም እንደ ጨርቅ በሜትር ይሸጥ ነበር። ገበያ ለገበያ የሚዞረው ሰውዬ ፊልሙን ይገዛል፣ እስኪበጣጠስ ድረስ ያሳያል፣ ሲሰለቸው ለሌላው ይሸጣል። ፓቴ ይህን አልወደደውም። ለምን? አንድ ፊልም አንዴ ከተሸጠ በኋላ ለድርጅቱ ሌላ ገቢ አያመጣም፤ በዚያ ላይ ያረጀው ፊልም ገበያውን ያበላሻል። ስለዚህ በ1907 ፊልም መሸጥ ቀርቶ ማከራየት እንደሚጀመር አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ታይቶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የዛሬው ሲኒማ የሚተዳደርበት ሥርዓት መሠረቱ ይኸው ነው። ለንግዱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ለፊልሙ ዕድሜ ግን ጥሩ አልሆነም። ሁሉም ቅጂ አንድ መጋዘን ከተከማቸ፣ መጋዘኑ የተቃጠለ ወይም ባለቤቱ አያስፈልግም ያለ ቀን ሁሉም አንድ ላይ ይጠፋል።

እሳቱ ደግሞ የምር ነበር። የአዳራሹ ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የተሠራውም ከናይትሬት ነው። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውኃ ውስጥ ቢነከር እንኳ አይጠፋም፤ ለመቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን በውስጡ አለና። በሜይ 1897 ፓሪስ ውስጥ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ባዛር ላይ በፊልም ማሳያው መብራት የተነሳ እሳት ከ120 በላይ ሰዎችን ጨርሷል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ሕፃናት ባሉበት ቤት ማን ያስገባል?

ፓቴ ግን ቤቶችን እንደ ገበያ ያያቸው ነበር። አዳራሹ ስንት ሰው ቢይዝ ነው? ቤት ግን በየመንገዱ አለ። በ1912 ፓቴ ኮክ የሚባል የቤት ፕሮጀክተር አወጣ። ፊልሙ ቶሎ የማይቀጣጠል አሴቴት ሲሆን ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስፋት ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ የአዳራሹን ናይትሬት ፊልም ማንም ወስዶ በዚህ ማሽን እንዳያሳይ ተብሎ ነው። መብራቱም ከግድግዳ የሚመጣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እጀታውን ሲያዞሩት ፊልሙም ይዞራል፣ ዳይናሞውም አምፖሉን ያበራል። ክንድ ከደከመ ሥዕሉም ይደበዝዛል ማለት ነው። ይሁንና ማሽኑ ውድ ስለነበር የገዛው ሀብታም ነው።

ፓቴ በዚህ አላበቃም። ጦርነቱ አልፎ የዓለም ገበያ ወደ አሜሪካኖች ካዘነበለ በኋላ በ1922 ለገና በዓል ፓቴ ቤቢን አቀረበ። ስሙ እንደሚያመለክተው ትንሽዬ ነገር ናት፤ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። የፊልሟ ስፋት 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብልሃቱ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። በሌላ ፊልም ማሽኑ የሚጎትትባቸው ቀዳዳዎች በጠርዙ ይደረደራሉ። በዚህችኛዋ ግን ቀዳዳው መሐል ላይ፣ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሰፋል፤ ቦታ አይባክንም።

ሌላም ቁጠባ አለ። በድምፅ አልባ ፊልም ንግግሩ የሚነበበው በጽሑፍ ነው። ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ ብዙ ፊልም ይፈጃል። በፓቴ ቤቢ ግን ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ምልክት ትደረጋለች፤ ማሽኑ እሷን ሲያገኝ ጥቂት ሰከንድ ይቆምና ጽሑፉን ያሳያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። መብራቱ ደካማ፣ ፊልሙም አሴቴት ስለሆነ ቆሞ አይቃጠልም። እያንዳንዱ ፊልም በትንሽ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ይሸጥ ነበር፤ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። በተከታዩ ዓመት ካሜራው ወጣ። ሰዎች የልጃቸውን ልደትና የባሕር ዳር መዝናኛቸውን መቅረጽ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ1907 ፊልም አልሸጥም ያለው ሰው በ1922 ፊልም ለማንም መሸጥ ጀመረ። ለአዳራሽ የተሠሩ ትልልቅ ፊልሞች አጥረውና ጠበው በቆርቆሮ ታሽገው እንደ ከረሜላ በየሱቁ ተደረደሩ። እሱ ያሰበው ትርፉን ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ሳያውቁት የፊልም ማኅደር ሆኑ።

አሜሪካዊው ኮዳክ በ1923 የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም አወጣ፤ በ1932 ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር። እነዚህ ዓለምን አሸነፉ። 9.5 ግን በፈረንሳይና በእንግሊዝ ለብዙ ጊዜ ቆየ። ፓቴም ለገጠር ትንንሽ አዳራሾች ተብሎ 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፓቴ ሩራል አመጣ። ሻርል ፓቴ ግን በዚህ ጊዜ ድርጅቱን ቆርሶ ቆርሶ እየሸጠ ነበር። የፊልም ፋብሪካውን በ1927 ከኮዳክ ጋር አዋሐደ። በ1929 የቀረውን ለበርናር ናታን አስረክቦ ከሥራው ወጣ። ናታን ብዙ ሞክሮ ድርጅቱ ከሰረ፤ ታሰረ። አይሁዳዊ ስለነበረም በ1942 ለጀርመኖች ተሰጥቶ ወደ አውሽዊትዝ ተወሰደ፤ ሳይመለስ ቀረ። ሻርል ፓቴ በደቡብ ፈረንሳይና በሞናኮ ጡረታውን ኖሮ በዲሴምበር 25 ቀን 1957 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ አረፈ። 94 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

በድምፅ የጀመረው ሰው፣ ትንንሾቹ ፊልሞቹ ድምፅ ያወጡት እሱ ከለቀቀ በኋላ ነው። 17.5 በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ 9.5 ደግሞ በ1938 በፓቴ ቮክስ ፕሮጀክተር ድምፅ አገኙ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቀጭን የድምፅ መስመር ይታተማል፤ ትንሽ አምፖል ብርሃኑን በመስመሩ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከኋላ ያለው የብርሃን ሕዋስ የሚፈካውንና የሚደበዝዘውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ማጉያው አጉልቶ ለድምፅ ማጉሊያው ይሰጠዋል። ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ 17.5ን ስላገዱት ብዙዎቹ ማሽኖች ወደ 16 ተለወጡ። ስለዚህ ዛሬ ሳይነካካ የቀረ የ17.5 ድምፅ ፕሮጀክተር ያገኘ ሰብሳቢ ዕድለኛ ነው።

የሰብሳቢዎች ሥራ ቀላል አይደለም። አሴቴት አይቀጣጠልም እንጂ ያረጃል። ሲበሰብስ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ ይሸማቀቃል። የተሸማቀቀ 9.5 ፊልም በአሮጌ ማሽን ቢዞር የማሽኑ ጥርስ ቀዳዳውን ይስተዋል፤ ቀዳዳው ያለው ደግሞ መሐል ስለሆነ የሚጎዳው ጠርዙ ሳይሆን ራሱ ሥዕሉ ነው። ያ የፓቴ ብልሃት ዛሬ ዕዳ ሆኗል። ለዚህም ነው አዋቂዎቹ በማሽን ከማሳየታቸው በፊት ፊልሙን አንድ በአንድ ወደ ዲጂታል የሚቀዱት።

ድካሙ ምን ይጠቅማል ለሚል አንድ ምሳሌ ይበቃል። አቤል ጋንስ በ1927 ናፖሊዮን የተባለ በጣም ረጅም ፊልም ሠራ። ድምፅ ያለው ሲኒማ ሲመጣ ፊልሙ ተቆራርጦ ተበታተነ። በ1954 ለንደን ውስጥ ኬቨን ብራውንሎው የተባለ የትምህርት ቤት ልጅ ለቤት ፕሮጀክተሩ የሚሆን የዚህን ፊልም ሁለት ጥቅል በ9.5 ሚሊ ሜትር አገኘ። አየው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ የጎደለውን ክፍል ሲፈልግ ኖረ። በ1980 ፊልሙ ለንደን ውስጥ በትልቅ አዳራሽ፣ በሙሉ ኦርኬስትራ ታጅቦ ታየ። ብዙ ናይትሬት ግን ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ በውስጡ ላለው የብር ማዕድን ሲባል ቀልጧል። ዛሬ በ28 ወይም በ9.5 ብቻ የተረፉ ፊልሞች አሉ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ተሰደው ለንደን ሲገቡ የሚታዩበት ፊልም እንኳ እዚያ በፓቴ ስም በሚሠራ የዜና ድርጅት የተቀረጸ ነው። ዜና ወቅታዊ ከሆነ ይበቃል እንላለን፤ ከአምሳ ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ ግን ማንም አይጠይቅም። የፓቴ ሕይወት መልሱን ይነግረናል። በአንድ መጋዘን ተቆልፎ የኖረው ጠፋ፤ በብዙ ሰው እጅ የገባው፣ ጠቦም ቢሆን፣ ተጭሮም ቢሆን፣ ተረፈ። የሥጋ ሻጩ ልጅ ይህን አስቦ አላደረገውም። እኛ ግን አስበን ልናደርገው እንችላለን።