ወለተ ጴጥሮስ፤ የሰባቱ ማኅበራት እናት

ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም ክርስቲያኑን ወደ ልደት በዓል የሚያደርስ መንገድ ነው። ይህ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 17፣ ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ታላቅ እናት ታስባለች። እርሷም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። የልደትን በዓል ምክንያት በማድረግ በዚህ ዓምድ የዚህችን እናት ሕይወት፣ በተለይም በመሠረተቻቸው የመነኮሳይያት ማኅበራት የነበረውን የዕለት ኑሮና የእንግዳ አቀባበል፣ ለአንባብያን ባጭሩ ለማቅረብ እንሞክራለን።

ከእንጅባራ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ምእመን ዓይኑ መጨረሻ የሚያርፈው በጣና ሐይቅ ላይ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ግልገል ዓባይም ጉዞው ወደዚያው ነው። ከዘጌ ልሳነ ምድር ፊት ለፊት ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ይታያሉ። ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፤ በአጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን የመነኮሳይያት መኖሪያ ነው። ሴቶች በምንኩስና በማኅበር የመኖራቸው ሥርዓት በጣና ዙሪያ እንዲህ ሥር የሰደደው ብዙዎች ደክመውበት ነው፤ ከእነርሱም ስሟ ከሁሉ ገንኖ የሚነሣው ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። ወገኖቿ መኳንንት ነበሩና በወጉ አድጋ ለዐፄ ሱስንዮስ ታላቅ ሹም ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባለጸግነቱ፣ ሎሌና ገረዱ፣ የቤተ መንግሥቱ ክብር ከዚህ ኀዘን አላጽናናትም። ልቧ ከዓለም መለየት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን የኢየሱሳውያን ካህናት በቤተ መንግሥት ተሰሚነት አግኝተው ነበር። ከመካከላቸው ፔድሮ ፓኤዝ የተባሉት በ1610 ዓ.ም. የግልገል ዓባይን ምንጭ በዓይናቸው እንዳዩ ጽፈዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1609 ዓ.ም.፣ በሃይማኖቱ ነገር በተነሣው ጦርነት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገድለዋል። መልክአ ክርስቶስ በንጉሡ ወገን ተሰልፎ ነበርና ወለተ ጴጥሮስ ጳጳሷን ከገደለ ሠራዊት ጋር ከዋለ ሰው ጋር በአንድ ቤት መኖር አልቻለችም። ቀድሞም ከቤቷ ጠፍታ ባሏ ጦር አስከትሎ ስለ ፈለጋትና በእርሷ ምክንያት ሀገር እንዳይጠፋ ስለ ፈራች ተመልሳ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ለዘለቄታው ተለየችው። ጠጕሯን ተላጭታ ቆብ ደፋች። ከእኅተ ክርስቶስ ጋርም የተገናኘችው ከዚህ በኋላ ነው። እርሷም ትዳሯን ትታ የመነነች ነበረች፤ ሁለቱ እስከ ሞት ድረስ አልተለያዩም።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን ገለጡ፤ በ1618 ዓ.ም. ደግሞ በካቶሊኩ ፓትርያርክ በአልፎንሶ ሜንዴስ ፊት ቃል ኪዳን ፈጸሙ። ወለተ ጴጥሮስ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና መከረች። በዚህም ተከስሳ ከንጉሡ ሸንጎ ቀረበች። ገድሏ እንደሚተርከው ሞት እንዳይፈረድባት ከደከሙት አንዱ የተወችው ባሏ መልክአ ክርስቶስ ነበር። ሜንዴስም ሊያሳምኗት ደጋግመው ሞከሩ። ባልተሳካላቸውም ጊዜ በምዕራብ ቆላ ወደምትገኘው ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች።

ግዞቱ ግን የማኅበር መጀመሪያ ሆነ። እኅተ ክርስቶስና ሌሎችም በስደት ያሉ ምእመናን ወደ ዠበይ እየተከተሏት ሄዱ። ከዚያም በየጊዜው ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዛምቦል እየተጨመሩ ማኅበራቱ ሰባት ሆኑ። ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውራቸው አንዳንድ ጊዜ የንጉሡ ወታደር፣ አንዳንድ ጊዜ በሽታ ነበር። ብዙ እኅቶች በወረርሽኝ እየሞቱባት፣ የቀሩትን ይዛ በታንኳ ወደ ሌላ ዳርቻ ተሻግራለች።

በእነዚህ ማኅበራት የነበረው ኑሮ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም የመሠረቱትን የአንድነት ኑሮ የተከተለ ነበር። ይህ የእኔ፣ ያ የአንቺ ማለት አልነበረም፤ ምግቡም ልብሱም የጋራ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም በማኅበሩ ቢኖሩ ማደሪያቸውና ማዕዳቸው የተለየ ነበር። ሌሊቱ ለጸሎት፣ ቀኑ ለሥራ ተከፍሎ ነበር። የመኳንንት ልጅ የሆነችው እናት እንደ ማንኛዋም እኅት በወፍጮ እህል ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትሸከም ነበር። በቤቷ ሳለች ገረዶች ያደርጉላት የነበረውን ሁሉ በገዛ እጇ ሠራችው። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እመቤትና ገረድ በአንድ ቆብ ሥር ሲያድሩ በሥራ ካልተካከሉ ማኅበሩ በስም ብቻ ማኅበር ይሆናል። እርሷ ይህን አስቀድማ ስለ ተረዳች ትእዛዙን የጀመረችው ከራሷ ትከሻ ነው።

ወደ ማኅበሯ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ዓይነት ነበር። ከስደት የሚሸሽ ካህን፣ የሚበላው ያጣ ድኃ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ምክር ፈልጋ ከቤተ መንግሥት የምትመጣ ወይዘሮ ሁሉም በሯን ያንኳኳ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ከለቀቁ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ በአዲሱ ንጉሥ ዘንድ ከበረች፤ ስለዚህ እንግዳው በዛ። እንግዳ ሲበዛ ደግሞ የመነኮሳይያት ጸጥታ ይታወካል፤ ወሬም ከደጅ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከንቱ ጨዋታን አጥብቃ ትከለክል ነበር።

በምዕራቡ ዓለምም ከዚያ ቀደም ብሎ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1562 በስፔን አገር በአቪላ ከተማ ተሬዛ የተባለችው መነኩሲት የመሠረተችው ገዳም በእንግዳ ብዛት ጸሎት እንዳይታጎል በሩን አጥብቆ የዘጋ ነበር። በዓመቱም የትሬንቶ ጉባኤ የካቶሊክ መነኮሳይያት ከቅጥራቸው እንዳይወጡ አዘዘ፤ እንግዳቸውንም ከብረት ፍርግርግ በስተኋላ ሆነው ያነጋግሩ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ግን ፍርግርግ አላቆመችም። በስደት ዘመን በር መዝጋት ስደተኛን ውጭ መተው ነውና፣ አጥሩን በደጅ ሳይሆን በአንደበትና በልብ ላይ አደረገችው። ሁለቱ እናቶች በሃይማኖት ትምህርት ቢለያዩም መነኩሲት ለጸሎት የምትሆን ጸጥታ ያስፈልጋታል በሚለው አሳብ ግን ይገናኛሉ።

ፈተናው ከውጭ ብቻ አልነበረም። ከመነኮሳት ወገን ሴት ማኅበርን ልታስተዳድርና ልታስተምር አይገባትም የሚሉ ተነሡ፤ ለነቀፋቸውም የቅዱስ ጳውሎስን መልእክት ጠቀሱ። በዚህ ጊዜ በትምህርታቸው የታወቁት አባ ፈትለ ሥላሴ ተነሥተው ሥራዋ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን በመጻሕፍት አስረድተው ነቃፊዎቿን ዝም አሰኙ። ይህ ታሪክ ቀላል አይደለም። በዚያ ቀን አባ ፈትለ ሥላሴ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ በስደት ተሰብስበው የነበሩት እኅቶች ያለ እረኛ ይበተኑ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ወር ያህል ታምማ በ50 ዓመት ዕድሜዋ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በጣና ውስጥ በምትገኘው በሬማ ደሴትም ተቀበረች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረክባ እስከ ዕረፍቷ እስከ 1641 ዓ.ም. ጠበቀችው። ኋላም መቀመጫው ከሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በቋራጣ ሆነ። ቋራጣ ተበድሎ የሸሸ ሁሉ የሚማጠንበት ደብር በመሆን ለብዙ ዘመን ታውቆ ኖሯል። በሕይወቷ ክፍት የነበረው በር ከሞቷም በኋላ አልተዘጋም ማለት ይቻላል።

ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በ1665 ዓ.ም. ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን እኅቶች ጠይቆ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ይህም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1912 በኮንቲ ሮሲኒ አማካይነት ታተመ፤ በ2015 ደግሞ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጕሙ ወጥቶ በዓለም ያሉ የታሪክ ምሁራን እየተወያዩበት ነው። ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ ተነሥቶ ጣናን ለመሳለም የሚሄድ ወጣት ግን ዘጌን ሲረግጥ ከሰባቱ የወለተ ጴጥሮስ ማኅበራት በአንዱ ምድር እንደ ቆመ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ጌታ በተወለደባት ሌሊት ለእናቱ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘላትም። ወለተ ጴጥሮስ ዕድሜዋን በሙሉ የደከመችው ስፍራ ያጡ ሰዎች ስፍራ እንዲያገኙ ነው። በዓሉን ስናከብር በየደብሩና በየገዳሙ ጥግ፣ በጠባብ ጎጆ፣ ጥጥ እየፈተሉ በጸሎት የሚኖሩትን እናቶች እናስብ። ሄደን እንጠይቃቸው፤ በረከታቸውን እንቀበል፤ ከበዓል ማዕዳችንም እናካፍላቸው።

እግዚአብሔር በዓሉን የሰላምና የፍቅር ያድርግልን። የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።