ሃሪ ቫርደን፦ እጁ አልታዘዝ ያለው የጎልፍ ሻምፒዮን

ሃሪ ቫርደን በጎልፍ ታሪክ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ ነው። የብሪታኒያ ኦፕን የተባለውን ጥንታዊ ውድድር 6 ጊዜ አሸንፏል፤ ይህን ያህል ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ኳስን ከሩቅ መትቶ በፈለገበት ቦታ ማሳረፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በዕድሜው አጋማሽ አንድ ነገር ከበደው፦ ኳሷን ከአንድ እርምጃ ርቀት ወደ ጉድጓዱ ማስገባት። ዱላውን ይዞ ኳሷ ላይ ሲያጎነብስ ቀኝ እጁ ሳያዘው ይዘል ነበር።

ይህ ችግር ዛሬ በጎልፍ ተጫዋቾች ዘንድ ዪፕስ ይባላል። ተመሳሳይ ችግር በጸሐፊዎችና በሙዚቀኞችም ላይ ይታያል። የቫርደን ሕይወት እጃቸው በአንድ ሥራ ላይ ብቻ አልታዘዝ ላላቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ብዙ የሚነግረው ነገር አለው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የአትክልተኛው ልጅ

ቫርደን በ1870 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በምትገኘው የጀርሲ ደሴት ተወለደ። አባቱ አትክልተኛ ነበር፤ ቤተሰቡም ድኻ ነበር። ገና ልጅ ሳለ በመንደሩ አቅራቢያ የጎልፍ ሜዳ ተሠራ። የመንደሩ ልጆች የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከሙ ሳንቲም ያገኙ ነበር። ራሳቸውም ከዛፍ ቅርንጫፍ ዱላ ሠርተው ይጫወቱ ጀመር። ቫርደን እንደ አባቱ በአትክልተኝነት ሠራ፤ በ20 ዓመቱ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በጎልፍ ክለብ ተቀጠረ።

በ1896 በሙርፊልድ ባለፉት ሁለት ዓመታት ተከታትሎ ያሸነፈውን ጄ. ኤች. ቴይለርን በማጣሪያ ረትቶ የመጀመሪያውን የብሪታኒያ ኦፕን ድል አገኘ። በ1898 እና በ1899 ደገመው። በ1900 ወደ አሜሪካ ተጉዞ በየከተማው እየተዘዋወረ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ኦፕንም አሸነፈ።

ሳንባ ነቀርሳ

በ1903 በስኮትላንድ ፕሬስትዊክ የተካሄደውን ውድድር ያሸነፈው በሕመም ተዳክሞ፣ ራሱን ሊስት ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሁለተኛ የወጣው ወንድሙ ቶም ነው። ከድሉ በኋላ ሕመሙ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መሆኑ ታወቀና በምሥራቅ እንግሊዝ በመንድዝሊ በሚገኝ የሳንባ ነቀርሳ ማገገሚያ ገባ።

በዚያ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም። ሕክምናው ረጅም ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ብቻ ነበር። በሽታውን ማዳን የጀመረው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943፣ ቫርደን ከሞተ ከ6 ዓመት በኋላ ነው። እሱ ግን ተርፎ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ሕመሙም በኋላ ዘመኑ እየተመላለሰ ያስቸግረው ነበር።

የሚዘለው እጅ

ከሕመሙ በኋላ ሌላ ችግር ጎልቶ ወጣ። በጎልፍ ኳሷ ወደ ጉድጓዱ ከቀረበች በኋላ አጭር በታጨደው ሣር ላይ በቀስታ እየተገፋች ትገባለች። ምቱ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የረጋ እጅ ነው። ቫርደን የተቸገረው እዚህ ላይ ነበር። ከሩቅ ሲመታ እጁ ፍጹም ይታዘዘዋል፤ ጉድጓዱ አጠገቡ ሲሆን ግን ቀኝ እጁ በድንገት ይወራጫል።

ቫርደን ችግሩን አልደበቀም፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ በግልጽ ገልጾታል። ኳሷ ላይ ሲያነጣጥር ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ከኳሷ ተነሥቶ እጁ ላይ ይተከል ነበር፤ መቼ እንደሚዘል ይጠብቀዋል። ሊዘል ሲል ቀድሞ ለመምታት ይጣደፋል። ያኔ ራሱና ትከሻው ቀና ይላሉ፤ ኳሷም ከመስመሯ ትወጣለች። እሱ ምክንያቱን የቀኝ እጁ ነርቭ መጎዳት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከችግሩ ጋር ያገኛቸው ድሎች

ብዙዎች ዘመኑ አበቃ ብለው ነበር። ነገር ግን በ1911 በ41 ዓመቱ፣ በ1914 ደግሞ በ44 ዓመቱ የብሪታኒያ ኦፕንን በድጋሚ አሸነፈ። ችግሩ ከናካቴው ስለጠፋለት አልነበረም። የረጅም ምቱ ትክክለኛነት አብሮት ነበር፤ በአጭሩ ምት የሚያጣውን በረጅሙ ይክስ ነበር። አንድ አጭር ምት ሲበላሽበትም ተበሳጭቶ ቀሪውን ጨዋታ አያበላሽም፤ በሜዳ ላይ ባለው እርጋታ የታወቀ ነበር።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካለትም። በ1920 በአሜሪካ ቶሊዶ ከተማ፣ በ50 ዓመቱ የአሜሪካን ኦፕን ሊያሸንፍ ተቃርቦ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ 7 ጉድጓድ ሲቀረው እየመራ ነበር። ከዚያ ብርቱ ነፋስ ተነሣ፤ የደከመው ሰውነቱ ከዳው፤ አጫጭር ምቶቹም ተበላሹ። የአገሩ ልጅ ቴድ ሬይ በአንድ ምት ብቻ በልጦት ዋንጫውን ወሰደ።

ቫርደን ከዚያ በኋላ በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው ክለቡ እያስተማረ ኖረ። በመጋቢት 1937 በ66 ዓመቱ አረፈ። ዱላን በሁለት እጅ አቀናጅቶ የሚይዝበት ዘዴ በስሙ ይጠራል፤ ዛሬም አብዛኞቹ ተጫዋቾች እጃቸውን የሚያስቀምጡት እንደ እሱ ነው።

ዛሬ ስለ ዪፕስ ምን ይታወቃል?

በቫርደን ዘመን ችግሩ መጠሪያ እንኳ አልነበረውም። ዪፕስ የሚለውን ስም ያስለመደው ከእሱ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጫዋች ቶሚ አርሞር ነው፤ እሱንም ይኸው ችግር አስቸግሮታል። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ችግሩን በሁለት ይከፍሉታል፦

• የመጀመሪያው ዲስቶኒያ የሚባለው የእንቅስቃሴ መዛባት ነው። አንጎል ለዓመታት የተደጋገመን እንቅስቃሴ የሚመራበት ሥርዓት ይዛባና እጅን የሚያጥፉና የሚዘረጉ ጡንቻዎች በአንድ ጊዜ ይኮማተራሉ። ከአንድ ሥራ ውጭ እጁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።
• ሁለተኛው ከጭንቀት የሚመጣ ነው። ሰውየው ብቻውን ሲሆን ደህና ይሠራል፤ ሰው ሲያየው ወይም ውጤቱ ሲያሳስበው ይበላሽበታል።

በብዙዎች ላይ ሁለቱ ይደባለቃሉ። እጅ ሲዘል ፍርሃት ይመጣል፤ ፍርሃቱም መዝለሉን ያብሳል።

ምን ሊረዳ ይችላል?

• አያያዝን ወይም መሣሪያን መቀየር፦ የእጆችን አቀማመጥ ማፈራረቅ፣ ወፍራም እጀታ ያለው ዱላ ወይም እስክሪብቶ መጠቀም። አዲሱ እንቅስቃሴ ከተዛባው የተለየ ስለሚሆን አንዳንዶች ይሻላቸዋል።
• ትኩረትን ከእጅ ማንሣት፦ ከኳሷ ይልቅ ጉድጓዱን መመልከት፣ ትንፋሽን ማርገብ። ቫርደን እጁን መጠበቅ መጀመሩ እንዳባሰበት ያስታውሱ።
• የሥነ ልቦና ምክርና ፊዚዮቴራፒ።
• መድኃኒት፦ ለዲስቶኒያ ሐኪም የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ሊያዝ ይችላል። ቤታ ብሎከር የተባሉት መድኃኒቶች የጭንቀት መንቀጥቀጥን ይቀንሳሉ፤ ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጎልፍ ውድድር ላይም የተከለከሉ ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ።

ያንኑ እንቅስቃሴ በግድ ደጋግሞ መለማመድ ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ አንዳንዴ ያባብሳል።

ለቤተሰብ

ችግሩ የስንፍና ወይም የፍርሃት ምልክት አይደለም። 6 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ደርሶበታል። ታማሚውን ተረጋጋ፣ ጠንከር በል እያሉ መወትወት ዓይኑን እጁ ላይ እንዲተክል ከማድረግ በቀር አይጠቅመውም። ይልቅ ሥራውን በሌላ መንገድ እንዲሞክር ጊዜ ይስጡት፤ እጁ ሲዘልም አይሳቁበት።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የእጅ መንቀጥቀጡ እጁ ባረፈበት ጊዜም ካለ፣ ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ሌላ የአካል ክፍል ከተስፋፋ፣ መደንዘዝ፣ መድከም ወይም የእንቅስቃሴ መዘግየት ከታየ፣ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ከመጣ ሐኪም ያማክሩ። ሐኪሙ እንደ ፓርኪንሰንና የታይሮይድ ሕመም ያሉ ሌሎች ምክንያቶችን ይመረምራል፤ ካስፈለገም ወደ ነርቭ ሐኪም ይልክዎታል። በድንገት አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።