ሰር ዴቪድ ፌሪየርና መስማት የተሳናት ጦጣ

ሰር ዴቪድ ፌሪየር እ.ኤ.አ. በ1843 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን አቅራቢያ ተወለዱ። ስማቸውን ያስጠራው ምርምር የተጀመረው በ1873 በእንግሊዝ አገር፣ በዌክፊልድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። በዚያ፣ ቀጥሎም በለንደን፣ የእንስሳትን አንጎል ገጽ በቀላል ኤሌክትሪክ እየነኩ የሚከተለውን እንቅስቃሴ ይመዘግቡ ነበር። በጦጣ አንጎል ላይ፣ በጆሮ ግንድ በኩል ካሉት እጥፋቶች የላይኛው ሲነካ፣ በተቃራኒው ወገን ያለው ጆሮ ይቆማል፤ ዓይን ይፈጣል፤ ራስም ይዞራል። ፌሪየር ይህን፣ ድንገት ድምፅ የሰማ እንስሳ ሁኔታ ነው ሲሉ ተረጎሙት።

የጆሮ መቆም ብቻውን ግን የመስማት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እጥፋቱን በግራም በቀኝም አንሥቶ ውጤቱን ማየት አስፈለገ። በነሐሴ 1881 በለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ፣ የስትራስቡርጉ ጎልትስ እያንዳንዱ የአንጎል ክፍል የየራሱ ተግባር አለው የሚለውን ሐሳብ ሲቃወሙ፣ ፌሪየር ሁለት ጦጣዎች አቀረቡ። አንደኛዋ ግማሽ አካሏ የሰለለ ነበረች። የሁለተኛዋ የመስማት እጥፋቶች በሁለቱም ወገን ተነሥተው ነበር። ሽጉጥ ሲተኮስ የመጀመሪያዋ ደነገጠች፤ ሁለተኛዋ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ያለ ፈቃድ ቀዶ ጥገና አካሂደዋል ብለው ፌሪየርን ከሰሱ። ቀዶ ጥገናውን የፈጸሙት ፈቃድ የነበራቸው ባልደረባቸው ጄራልድ ዮ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ነጻ ወጡ። ክሱ በሕግ ረገድ ደካማ ነበር፤ ስለ እንስሳቱ ሥቃይ የተነሣው ጥያቄ ግን ደካማ አልነበረም።

ከችሎቱ ይልቅ የከበደው የባልደረባ ተቃውሞ ነው። በ1888 ሼፈርና ብራውን፣ ይኸው ክፍል በሁለቱም ወገን የተነሣላቸው ጦጣዎች መስማታቸውን እንዳላጡ ገለጹ። ሼፈር ጠንቃቃ ሠራተኛ ስለነበሩ ምስክርነታቸው በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ፌሪየር በ1911 የሰር ማዕረግ አግኝተው በ1928 ሲያርፉ ክርክሩ አልተቋጨም ነበር።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ በጃፓን ጦጣዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጉዳዩን አብራሩት። የመስማት ቅርፊታቸው በሁለቱም ወገን የተነሣ ጦጣዎች በመጀመሪያ ለድምፅ ምላሽ መስጠት ያቆማሉ፤ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ መስማታቸው ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ስለዚህ እንስሳው የሚፈተንበት ጊዜ ፍርዱን ሊለውጠው ይችላል። ድምፅ መስማት ከጀመሩም በኋላ፣ እነዚህ ጦጣዎች የገዛ ወገናቸውን ሁለት ዓይነት ጥሪ አንዱን ከሌላው ሊለዩ አልቻሉም።